ጭንቅላት የሌለው ቡሎን፦ በጅቡቲ ከተማ የመኪና ቁልፍ ቤት ሲፈታ

ጅቡቲ ከተማ። ከድሬዳዋ ቲማቲም ጭኖ በደወሌ በኩል የገባ አንድ አይሱዙ ባልባላ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሟል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ነዳጅም አለው። ያቆመው የጣት ርዝመት የማይሞላ ብረት ነው። ቁልፉ ቤቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል።

ወሩ ሐምሌ ነበር። የጅቡቲን ሐምሌ ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አሸዋውን እያነሳ ፊት ላይ ይበትናል። ሾፌሩ ቲማቲሙ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይለት በልቡ እያሰላ፣ ረዳቱ ደግሞ ከሰፈር በተዋሰው ካቻቪቴና መዶሻ የቁልፉን ቤት እየቀጠቀጠ ሳለ ደረስን። ደረስን ያልኩት እኔና አንድ መካኒክ ልጅ ነን። ልጁ የአሊ አዴ መጠለያ ነዋሪ ነው፤ ከተማው ውስጥ አንድ ጋራዥ ይሠራል። ስሙን መጻፍ አያስፈልግም።

ልጁ የዕቃ ከረጢቱን ከትከሻው ሳያወርድ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ መጀመሪያ መዶሻውን ያስቁሙልኝ። ሊብሬውንም ያሳዩኝ።»

ሾፌሩ ተቆጣ። «ምን ማለትህ ነው አንተ ልጅ? ሌባ አደረግከኝ እንዴ? መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እያየኸኝ!»

«እርስዎን አይደለም ጋሼ። ፖሊስ ቢመጣ ሌባ የሚባለው ድሪል የያዘው ሰው ነው። ድሪሉን የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እጁን ወደ ፀሐይ መከላከያው ሰደደና ሊብሬውን አወረደ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ይህን ገጽ ለመኪና ቁልፍ የሰጠነው በከንቱ አይደለም። በየመጠለያው መካኒክነት የለመዱ ወይም ሊለምዱ የሚያስቡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተነሳው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በዚህም የተነሳ ከጋላፊ ጀምሮ እስከ ከተማዋ መግቢያ እስከ ፔካ ዱዝ ድረስ የሚታየው የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ አማርኛ የሚናገር ሾፌር ይዟል። ሾፌር ሲቸገር በቋንቋው የሚያናግረው መካኒክ ይፈልጋል። እንግዲህ ሥራው አለ ማለት ነው። ሆኖም ከመኪና ሥራ ሁሉ የመካኒክና የሌባ እጅ አንድ የሚመስለው የቁልፍ ቤት ሲፈታ ነው። ለአገሬው ሰው ይህ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ለስደተኛ ግን አንድ ሌሊት እስር ቤት ማደር፣ ምናልባትም የወረቀት ጣጣ ነው።

ምኑ ነው የተበላሸው?

መኪና አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ቁልፉን ይጠረጥራል። ቁልፉ የሚገባበት ነገር ግን አንድ ዕቃ አይደለም፣ ሦስት ነው። ፊት ለፊት ቁልፉን የሚቀበለው ሲሊንደር አለ፤ ውስጡ የተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች ከቁልፉ ጥርስ ጋር ሲገጥሙ ብቻ ይዞራል። ሲሊንደሩን አቅፎ የያዘው ወፍራም ቤት ደግሞ አንድ የብረት ምላስ አለው፤ ቁልፉ ሲወጣ ምላሱ ገብቶ የመሪውን ዘንግ ይይዛል። ከኋላ በኩል ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሪኖውና ወደሌላው ሁሉ የሚያከፋፍል መገናኛ ተገጥሟል። ሦስቱ ለየብቻ ይበላሻሉ፣ በብዙ መኪና ላይም ለየብቻ ይፈታሉ። ጭንቅላት የሌለው ቡሎን የያዘው የመሃለኛውን፣ ማለትም ቤቱን ነው።

ልጁ ይህን እያሳየኝ «አሥር መኪና ቢመጣ ቡሎኑን የምነካው የአንዱን ቢሆን ነው» አለኝ። ቁጥሩን እንደ ጥናት አትውሰዱት። ነገሩ ግን ልክ ነው፤ ቡሎኑ የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ቁልፉ ገብቶ አልዞር ካለ በመጀመሪያ መሪውን ያዙ። ጎማው ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዞ ወይም ከድንጋይ ጋር ተደግፎ የቆመ መኪና የብረት ምላሱን ወጥሮ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ቁልፉን በጉልበት ማዞር ቁልፉን መስበር ነው። በአንድ እጅ መሪውን ወዲያና ወዲህ እያነቃነቁ በሌላው ቁልፉን በቀስታ ማዞር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀጭ ብሎ ይለቃል። የባልባላው አይሱዙም ጣጣ የጀመረው እዚሁ ላይ ነው። ማታ ሲያቆሙት የፊት ጎማው ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ አደረ። ጠዋት ቁልፉ እምቢ ሲል ረዳቱ በፒንሳ ያዘና ጠመዘዘው። በቃ፣ ተቀነጠሰ።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። የጅቡቲ አቧራ ከባሕሩ ጨው ጋር ተባብሮ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሾፌር ታዲያ የሞተር ዘይት ያንጠባጥብበታል። ለጥቂት ቀን ይለሰልሳል፣ ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። የሚሻለው ደረቅ የእርሳስ ዱቄት ነው፤ ከጠፋ የተማሪ እርሳስ በቁልፉ ጥርስ ላይ ደህና አድርጎ አሽቶ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ይረዳል። ያለቀ ቁልፍም አለ። ያለቀን ቁልፍ ወስዶ ማስቀረጽ ማለቁንም አብሮ ማስቀረጽ ስለሆነ፣ ብዙ ያልሠራ መለዋወጫ ቁልፍ ካለ ከእሱ ይቀረጽ። አንዳንድ መኪና ሲገዛ የቁልፉ ቁጥር የተመታበት ትንሽ የብረት ሳህን አብሮት ይመጣል። እሱን የጣለ ሰው የጣለውን አያውቅም፤ አዋቂ ቁልፍ ቀራጭ ከቁጥሩ ተነስቶ አዲስ ቁልፍ ያወጣል።

ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ዝም ቢልስ? ያን ጊዜ ኮፈኑን ክፈቱ። ሙቀት ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፣ ጅቡቲም ለባትሪ ደግ አገር አይደለችም። የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ ባትሪውንና ካፖቹን፣ መብራቱ ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ካልተሰማ ሽቦውንና ሞተሪኖውን፣ ቁልፉን ሲነቀንቁት መብራቱ ቦግ እልም ካለ ደግሞ የኋላውን መገናኛ መጠርጠር ነው። መገናኛው በብዙ መኪና ላይ የሚታሰረው በተራ ቪቴ ነው፤ ካቻቪቴ ይበቃዋል። ሲሊንደሩም ቢሆን ቁልፉ ካለና ከዞረ ቤቱ ሳይነካ ይወጣል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉን ወደ መጀመሪያው እርከን አዙሮ በጎን ባለችው ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ፒን በቀጭን ብረት መጫን ነው፤ ሲሊንደሩ እንደ መሳቢያ ይሳባል።

እንዲያውም የተሰበረ ቁልፍ ራሱ ሁልጊዜ ቡሎን አያስፈታም። ስባሪው ከአፉ ብዙ ካልራቀ በቀጭን የመጋዝ ምላጭ ጥርስ እየነጠቁ ማውጣት ይቻላል፣ ሁለቱ ስባሪ ሲጋጠሙም ለቁልፍ ቀራጭ ይበቃሉ። ግን እኛ ከመድረሳችን በፊት መዶሻው ቀድሞን ነበር። የሲሊንደሩ አፍ ተጨፍልቆ፣ ቤቱ ተሰንጥቆ ነው ያገኘነው። ረዳቱ አንገቱን ደፋ። ማንም አልተቆጣውም፤ ፀሐዩ ለሁላችንም ይበቃን ነበር።

የቤቱ ስም ኔማን ነው

የጅቡቲ መካኒክ ፈረንሳይኛ ይቀላቅላልና የቁልፉን ቤት «ኔማን» ይለዋል። ኔማን የሰው ስም ነው። አብራም ኔማን የሚባል የፈጠራ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት መሪ የሚቆልፍ መሣሪያ ሠራ፤ ፈረንሳዮች በዚያው ስሙን ለዕቃው ሰጡት፣ ጅቡቲም ከእነሱ ወሰደችው። እኛ ደግሞ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞተሪኖ የምንለውን ከጣልያን ወስደናል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሶማሊኛው፣ አፋርኛው፣ ዐረብኛው፣ ፈረንሳይኛውና አማርኛው ሲቀላቀል አዲስ ገቢ ግራ ይጋባል። ቡሎን ላይ ግን ጠብ የለም፤ ለፈረንሳዩም፣ ለጣልያኑም፣ ለእኛም ያው ቡሎን ነው።

መሪ የሚቆልፍ ቤት በዓለም ላይ የተስፋፋው መኪና ሌብነት ሲበዛ ነው። አሜሪካ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቁልፉ ሲወጣ መሪው ወይም የመኪናው መንቀሳቀስ እንዲታገድ በደንብ አስገደደች። ነገር ግን ሌባው መፍቻ ይዞ መጥቶ ቤቱን እንዳለ ከፈታው መቆለፉ ምን ይጠቅማል? ለዚህ የተገኘው መልስ ነው ጭንቅላት የሌለው ቡሎን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሎኑ ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ እንደማንኛውም ቡሎን ስድስት ጎን ጭንቅላት አለው። ከጭንቅላቱ በታች ግን አንገቱ ሆን ተብሎ ቀጥኗል። ሠራተኛው እያጠበቀ ሄዶ የተፈለገው ጥብቀት ላይ ሲደርስ አንገቱ ይቀነጠሳል፤ ጭንቅላቱ መፍቻው ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው አካል ድቡልቡልና ለስላሳ ሆኖ ቤቱን እንደያዘ ይኖራል። መፍቻ የሚነክሰው ጎን የለውም፣ ካቻቪቴ የሚገባበት ስንጥቅ የለውም። ሌባን እንዲያለፋ የተሠራ ነው። ባለቤቱንም አብሮ ያለፋል፤ ቡሎኑ ሰው አይለይም።

ባልባላ ላይ እንዴት ተፈታ?

ልጁ በመጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ነቀለ። አይሱዙው ኤርባግ አልነበረውም። ኤርባግ ባለው መኪና ግን ከተነቀለ በኋላ መቆየት ግድ ነው፤ የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቁ ይላሉ። ኤርባጉ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ኤሌክትሪክ ስላለው ወዲያው የነካው ሰው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። በዚህ ላይ መቸኮል ሞኝነት ነው።

ከመሪው በታች ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ፈታ፣ የሽቦውን ሶኬት ነቀለ፣ ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አውጥቶ ሽቦዎቹን ሁሉ ሸፈነ። ለምን ብለው ሾፌሩ ጠየቀ። «የብረት ፍርፋሪ ሽቦ ላይ ከወደቀ ነገ ሌላ ብልሽት ብለው ይጠሩኛል» አለ። እውነቱን ነው፤ ብዙ ጋራዥ ይህን ጨርቅ ይረሳዋል።

ሁለቱ ቡሎኖች ከዘንጉ በላይ በኩል ነበሩ። ልጁ አንገቱን አጣሞ በትንሽ ባትሪ እያየ፣ ሹል ብረቱን በቡሎኑ መሃል ሳይሆን በዳሩ ላይ አስቀመጠው። መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ አንድ ጊዜ መታና ጎድጓዳ ነጥብ አወጣ። ከዚያ ብረቱን አጋደመና ቡሎኑን በሚፈታበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከሰዓት ዙር በተቃራኒ፣ በትንሽ መዶሻ ኩስ ኩስ ያደርገው ጀመር። ቶሎ ቶሎ፣ ቀለል ቀለል። እኔ መጀመሪያ የሚሆን አልመሰለኝም ነበር። ሰባተኛው ይሁን ስምንተኛው ምት ላይ ቡሎኑ የጥፍር ያህል ዞረ። አንዴ ከተነቃነቀ በኋላ በቀጭን ፒንሳ ጫፍ እየተሽከረከረ ወጣ። ልጁ እንደነገረኝ ቡሎኑ የሚያስፈራው በመልኩ እንጂ በጥብቀቱ አይደለም፤ አንገቱ ሲቀነጠስ ማጥበቁም በዚያው ስለሚያቆም ከልክ ያለፈ አይጠብቅም። ዝገት ካልያዘው ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መዶሻው ትንሽ የሆነው ልጁ ጉልበት ስለሌለው አይደለም። በዛሬዎቹ ብዙ መኪኖች የመሪው ዘንግና እሱን የያዘው ቱቦ በአደጋ ጊዜ ወደ ሾፌሩ ደረት እንዳይገቡ እንዲታጠፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በትልቅ መዶሻ የቀጠቀጣቸው ሰው ለአደጋ ቀን የተሠራውን መታጠፊያ ዛሬ ያጥፈዋል፣ ወይም ኩሽኔታውን ይጎዳል። መኪናው ይነሳል፣ መሪው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሮው አይደለም።

ሁለተኛው ቡሎን አስቸገረ። የረዳቱ መዶሻ አግኝቶት ዳሩ ተጨፍልቋል። ቦታ ቢኖር በብረት መጋዝ ጫፍ ስንጥቅ ቆርጦ በትልቅ ካቻቪቴ ማዞር ይቻል ነበር፤ መጋዙ አልገባም። የቀረው ድሪል ነው። ልጁ ልክ መሃሉ ላይ ነጥብ መታ፣ ሁለት ጊዜ አየው፣ በቀጭን ፑንታ ጀመረ። ይህ ነጥብ መሃል መሆኑ ቀልድ አይደለም። ቡሎኑ ጠንካራ ብረት ነው፣ ቤቱ ግን ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ ፑንታ ደግሞ እንደ ውሃ ነው፣ ወደ ለስላሳው ይሄዳል። አንዴ ከተንሸራተተ ቡሎኑን ትቶ ቤቱን ይበላል።

ከቀጭኑ ቀጥሎ ግራ ዞር ፑንታ አሰረ። ተራ ፑንታ ሲበሳ ቡሎኑን ያጠብቃል፤ ግራ ዞሩ ግን የሚበሳው በመፍቻው አቅጣጫ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መብሳቱ ሳያልቅ ቡሎኑን ይዞት ይወጣል። እንደዚያው ሆነ። ባይሆን ኖሮ በቀዳዳው ውስጥ እየተጠመዘዘ የሚነክሰውን የቡሎን ማውጫ መጠቀም ነበረበት። ልጁ እሱን አይወደውም። ማውጫው በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ ብረት ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም፣ ያን ጊዜ ከአንድ ችግር ሁለት ይሆናል።

ሁለቱን ለማውጣት አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ላቡ ከአገጩ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ያገለገለ ቤት ከነቁልፉ ሾፌሩ በስልክ አስፈልጎ፣ የዕቃው ነጋዴ ጫት ከመምጣቱ በፊት እንዲደርስለት ለምኖ አስመጣ። ከተማዋን የሚያውቅ ይህን ልመና ይረዳዋል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ጅቡቲ ላይ የመኪና ዕቃ መፈለግ በከንቱ መንከራተት ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የአይሱዙው በር በአንድ ቁልፍ፣ ሞተሩ በሌላ ቁልፍ ይከፈታል። ምን ይደረግ።

ከመቀንጠሱ በፊት

አዲሱ ቤት ሲገጠም ልጁ ከጋራዡ ያመጣቸውን ሁለት አዳዲስ ባለጭንቅላት ቡሎኖች አስገባ፣ በእጅ ብቻ አጠበቃቸው። ከዚያ ባትሪውን አገናኝቶ ሾፌሩን አስቀመጠ። ቁልፉን በየእርከኑ አዙር፣ አስነሳ፣ አጥፋ፣ ቁልፉን አውጣ፣ መሪው ይቆለፍ፣ እንደገና ክፈት። ሦስት ጊዜ። ሁሉም ደህና መሆኑን ካየ በኋላ ነው መፍቻውን አንስቶ እስኪቀነጠስ ያጠበቀው። ይህን ተራ የሚገለብጥ መካኒክ ጭንቅላቱን ቀንጥሶ ከጨረሰ በኋላ ቤቱ ጠማማ ገብቶ ቢያገኘው ሁሉን ነገር ከሀ ይጀምራል።

ሾፌሩ ቡሎኑን እያየ «ለምን ተራ ቡሎን አታስርልኝም? ነገ ቢበላሽ በቀላሉ ይፈታል» አለ።

«ለእርስዎ የቀለለ ለሌባም ይቀላል ጋሼ።»

በዚህ ላይ የጋራዥ ሰዎች አይስማሙም። ተራ ቡሎን የሚያስሩ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ትክክለኛው ስለማይገኝ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለነገ ለራሱ እንዲቀለው። እኔ ትክክለኛው ከተገኘ ከልጁ ጋር ነኝ። ካልተገኘ ግን በደንብ የታሰረ ተራ ቡሎን ላልቶ ከሚንቀጠቀጥ ቤት ይሻላል።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። የቁልፉን ቤት ሰብሮ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶ፣ በደወል ቁልፍ አስነስቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ አዲስ አበባም፣ ድሬዳዋም፣ እዚህም። አንደኛ፣ ፊውዝ ሳይኖረው የተጎተተ ሽቦ ሲግል ይቃጠላል፤ ጅቡቲ ላይ ደግሞ ለመጋል ብዙ አይቀረውም። ሁለተኛውና የባሰው የመሪው ምላስ ነው። ሲሊንደሩ ወጥቶ የተሰበረው ቤት በቦታው ከቀረ፣ ምላሱን ወደኋላ የሚይዘው ነገር ላይኖር ይችላል። ምላሱ መንገድ ላይ ከገባ መሪው ይቆለፋል። ከአርታ ተራሮች ቁልቁል እየወረዱ መሪ ሲቆለፍ ምን እንደሚመጣ መጻፍ አልፈልግም። ቀጥታ ያገናኘ ሰው ቢያንስ ቤቱን ከነምላሱ ያውጣ፤ ከዚያም ቶሎ ያሠራ።

አዳዲስ መኪኖች ላይ ታሪኩ ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ሞተር የሚያግድ ኤሌክትሮኒክ እንዲኖር አስገድዷል፤ በቁልፉ ራስ ውስጥ ያለችውን ቺፕ መኪናው ካላወቃት ቤቱ ቢቀየርም ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የድሮውን ቁልፍ ስባሪ መጣል አይገባም፣ ቺፕዋ እዚያ ውስጥ ናት። ይህ ጥበቃ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ከ2021 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ታይቷል፤ ይህ ኤሌክትሮኒክ ሳይገጠምላቸው የተሸጡ የኪያና የሂዩንዳይ ሞዴሎች በወጣት ሌቦች እጅ በብዛት ተሰረቁ። ቡሎን ብቻውን አልበቃም ማለት ነው።

ለሾፌሮች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በቁልፍ መያዣችሁ ላይ የቤት ቁልፍ፣ የጓዳ ቁልፍ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ የመጫወቻ ጫማ ሳይቀር የምታንጠለጥሉ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ክብደት በየጉድጓዱ ሲሊንደሩን ይጎትታል። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ ጉዳይ 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪና ለመጥራት ተገድዷል። የማስነሻ መገናኛው ደካማ ስለነበር በክብደት ወይም በመንገድ ንቅናቄ ቁልፉ እየሄደ ሳለ ይዞር ነበር፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይከፈትም። ኩባንያው ያቋቋመው የካሣ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ጉድለት ሳቢያ መሞታቸውን ተቀብሏል። ስለዚህ የመኪናውን ቁልፍ ብቻውን ያዙት።

ወረቀት

ልጁ በዚያ ቀን ወደ ባልባላ ሲመጣ መንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞት ከረጢቱን አስከፍቶት ነበር። ድሪል፣ መጋዝ፣ ሹል ብረት፣ የቁልፍ ሲሊንደር። ይህን ዕቃ የያዘ ሰው ምን ይመስላል? ልጁ የስደተኛ መታወቂያውን አሳየ፣ ጋራዡ የሰጠውን ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳየ፣ የሾፌሩንም ስልክ ደወለ። ፖሊሱ አነበበና ሂድ አለው። ነገሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ወረቀቱ ባይኖር ግን በአምስት ደቂቃ አያልቅም ነበር።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የስደተኞች ሕግ አውጥታለች፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ ማስፈጸሚያ ድንጋጌዎቹ ወጡ። በዚህ መሠረት የስደተኛነት ዕውቅና ያገኘ ሰው የመሥራትና የመማር መብት አለው። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን ሁኔታው የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ከተማ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ኦናርስ በሚባለው የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል መጠየቁ ይጠቅመዋል። ይህ ምክር ለአሊ አዴም፣ ለሆልሆልም፣ ለኦቦክ መርካዚም ነዋሪ እኩል ነው።

ከመታወቂያ ሌላ ልጁ የራሱ ደንብ አለው። የኢትዮጵያ መኪና ከሆነ ሊብሬ፣ የጅቡቲ ከሆነ ካርት ግሪዝ ሳያይ ኔማን አይነካም። የሻንሲው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን ራሱ ያያል። ሾፌሩ ባለቤት ካልሆነ ባለቤቱን በስልክ ያናግራል። ሌሊት አይሠራም፤ ሰው በማያልፍበት ቦታም አይሠራም። ወዳጅ የላከው ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኩት። «ወዳጅ ከሆነ ወረቀቱን ማሳየት አይከብደውም» አለ። አንድ ጊዜ በዚህ የተነሳ ጥሩ ክፍያ ያለው ሥራ እንዳመለጠው ነግሮኛል። ሰውየው ወረቀቱን ላምጣ ብሎ ሄዶ አልተመለሰም።

ሥራው እንዳለቀ ልጁ ከኪሱ ደብተር አወጣ። ቀኑን፣ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የሊብሬውን ቁጥር፣ የተፈታውንና የተገጠመውን ዕቃ ጻፈ። የተሰበረውን ቤት ከነስባሪ ቁልፉ ለሾፌሩ መለሰለት፤ ጋራዥ ውስጥ የሰው ቁልፍ አያስቀምጥም።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ ጋሼ።»

ሾፌሩ በዚህ ጊዜ አልተቆጣም። እጁን በሱሪው ጠርጎ ፈረመ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠ፣ ረዳቱንም «ና ግባ፣ ከአሁን በኋላ ፒንሳ እንዳትነካ» ብሎ ጠራው። አይሱዙው ሲነሳ 8 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ከሣጥኖቹ የታችኞቹ ውሃ ጀምረዋል፣ የላይኞቹ ግን ገና ደህና ነበሩ።